የተበላሸ መንገድ፣ የተጎዳ ጭነት፣ ያልተፈተሸ ጀልባ፦ ከጅማ አቤቱታን ለትክክለኛው መሥሪያ ቤት የማድረስ ዝርዝር መመሪያ

በጅማ ስለ መንገድ የሚያማርር ሰው ሞልቷል። ቅሬታው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር የተሰጠው ግን ጥቂት ነው። ቡና ላይ የተወራውን ጉድጓድ የትኛውም ኃላፊ "አልሰማሁም" ሊል ይችላል፤ ቀንና ቁጥር ተጽፎበት የገባ ደብዳቤን ግን አልደረሰኝም ማለት ይከብደዋል። እንባ ጠባቂም፣ ኦዲተርም፣ የምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴም ሥራቸውን የሚጀምሩት ከወረቀት ነው። ወረቀቱን የሚፈጥረው ደግሞ መንገዱን በየቀኑ የሚሄድበት ሰው ነው። ከዚህ በታች ያለው ያን ወረቀት ከማዘጋጀት አንስቶ መልስ እስከማግኘት ያለው ሂደት ነው።

1. መጀመሪያ ባለቤቱን ይለዩ

ብዙ አቤቱታ የሚሞተው እዚህ ነው። የፌዴራሉ መንገድ ተበላሽቶ ቀበሌ የሚሄድ፣ የሰፈር ቦይ ተደፍኖ አዲስ አበባ የሚጽፍ ሰው ወራት ይባክኑበታል። "እኛን አይመለከትም" የሚለው መልስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው።

ዋና ዋናዎቹ አገር አቋራጭ መንገዶች የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ናቸው። በሰርቦ፣ በአሰንዳቦ፣ በሰኮሩና በወልቂጤ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ በአጋሮ ወደ በደሌ የሚወጣው፣ በሸቤ ወደ ቦንጋና ሚዛን የሚወርደው፣ እንዲሁም ወደ ጭዳ የሚሄደው በዚህ ውስጥ ይገባሉ። መሥሪያ ቤቱ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሆኖ የተቋቋመው ነው፤ ሽማግሌዎቻችን ዛሬም "አውራ ጎዳና" ይሉታል። ጥገናውን በየአካባቢው ባሉ ዲስትሪክቶች ያካሂዳል፣ ከእነዚህም አንዱ ያለው ጅማ ነው። ስለዚህ ስለ አገር አቋራጩ መንገድ ደብዳቤ ለማስገባት አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ያስገቡ፣ ግልባጩን ለዋናው መሥሪያ ቤት ያድርጉ።

ወረዳን ከወረዳ የሚያገናኙት መንገዶች በአብዛኛው የክልሉ ናቸው፤ አቤቱታው የሚሄደው በዞኑ በኩል ነው። ቀበሌን ከዋናው መንገድ የሚያገናኙት ጠጠር መንገዶች፣ በተለይ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ዩራፕ በሚባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም የተሠሩት፣ የወረዳው አስተዳደር ጉዳይ ናቸው። የከተማው ውስጥ አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ የጎርፍ ቦይና የመንገድ መብራት የጅማ ከተማ አስተዳደር ናቸው።

አስቸጋሪው አገር አቋራጩ መንገድ ከተማ ውስጥ የሚያልፍበት ክፍል ነው። አስፋልቱን አንዱ፣ የዳር ቦዩን ሌላው ይዞት ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ለሁለቱም አንድ ደብዳቤ ይጻፉ፣ ሁለቱንም በአድራሻው ላይ ያስፍሩ። አንዱ ወደ ሌላው ሲያመለክት ሌላው ግልባጩን በእጁ ይዟል።

ባለቤቱን ካላወቁ፣ በግንባታ ወይም በጥገና ላይ ያለ መንገድ ከሆነ የፕሮጀክቱን ታፔላ ይፈልጉ። አሠሪው፣ ተቋራጩና አማካሪ መሐንዲሱ እዚያ ተጽፈዋል። ታፔላውን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ከቦታው ይነቀላል፣ ያን ጊዜ ማን እንደሠራው ማወቅ ይከብዳል። ታፔላ ከሌለ ግሬደሩን የሚነዳውን ሰው መጠየቅ ነው፣ ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚሠራ ያውቃል።

የመኪና፣ የመርከብና የጀልባ ጉዳይ ከሆነ

ስለ አውቶቡስ ታሪፍ፣ ትርፍ ስለመጫን ወይም ያለአግባብ ስለማሳደር ከሆነ የመጀመሪያው ቦታ የመናኸሪያው ስምሪት ክፍል ነው። የታርጋ ቁጥር፣ ትኬት፣ የተነሳበት ሰዓት ይያዙ። ክልል የሚያቋርጠው መስመር ታሪፍ በፌዴራል ደረጃ፣ በክልሉ ውስጥ የሚሄደው ደግሞ በክልሉ ስለሚወሰን፣ ከጅማ አዲስ አበባና ከጅማ አጋሮ የሚነሱ ሁለት ቅሬታዎች መጨረሻቸው አንድ ቦታ አይደለም።

ቡና ጭኖ የሚልክ ነጋዴ ሌላ ነገር ማወቅ አለበት። በየብስ ስለሚጓጓዝ ዕቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 547/1999 ነው፤ ጭነቱ በባሕርና በየብስ በአንድ ውል ሲሄድ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 548/1999 አለ። ሁለቱም በሰነድ ላይ የቆሙ ናቸው። ጭነትዎ ረጥቦ ወይም ጎድሎ ቢደርስ ተረካቢው "በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ" ብሎ ከመፈረሙ በፊት ጉድለቱን በዚያው ሰነድ ላይ በእጁ ይጻፍ፣ ሾፌሩም ይፈርምበት። ንጹሕ ፊርማ ካስቀመጡ በኋላ መከራከር በጣም ይከብዳል።

የውጭ ንግድ ቡና ከሆነ የመርከብ ወኪሎችንና የዕቃ አስተላላፊዎችን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው፤ መነሻው በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 549 ነው። ወኪሉ ያለአግባብ ክፍያ ከጠየቀ ወይም ሰነድ ካዘገየ ወደዚያ ነው። በ20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚመዝኑ 320 ጆንያዎች ይጫናሉ። ከመጫኑ በፊት አንድ ሰው ባዶው ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ በሩ ይዘጋና ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን ይይ። ብርሃን ካስገባ ውኃም ያስገባል። ይህ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል፣ 19 ቶን ከ200 ኪሎ ቡና ግን ከእርጥበት ያድናል።

የጀልባውን ጉዳይ ጅማ ላይ ሆኖ ማንሳት ለአንዳንዱ ሊገርመው ይችላል። ነገር ግን የግልገል ጊቤ ሐይቅ ቅርባችን ነው፤ በጭዳ በኩል የሚወርድ መንገደኛ ደግሞ በኦሞ ላይ ወደተኛው የጊቤ 3 ሐይቅ ይደርሳል። ዓሣ አስጋሪው፣ ሐይቁ መንገዱን የቆረጠበት ገበሬና ጎብኚው በጀልባ ይሻገራሉ። በአገር ውስጥ ውኃ ላይ ያለ ትራንስፖርትም በማሪታይም ባለሥልጣን የሥራ ድርሻ ውስጥ ነው፤ በቅርብ የሚገኘው ግን የወረዳውና የዞኑ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ስለሆነ በእነርሱ ይጀምሩ። ከመሳፈርዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ፦ ጀልባው ተመዝግቧል ወይ? ስንት ሰው እንዲጭን ተፈቅዶለታል? ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት አለ? ነጂው የምስክር ወረቀት አለው? ጃኬቱ ታስሮ በጀልባው መቀመጫ ሥር የተቀመጠ ከሆነ የለም ማለት ነው፤ ልጅ ይዘው ከሆነ በፍጹም አይሳፈሩ። ከዚያ የጀልባውን ቁጥር፣ ቀንና የተሳፋሪውን ብዛት ጽፈው ያመልክቱ። ሰው ከሞተ በኋላ የሚደረግ ቁጥጥር ለሟች አይጠቅመውም፣ በውኃ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲያ ነው።

2. ማስረጃውን ይሰብስቡ

ለአንድ ቦታ ሦስት ፎቶ ይበቃል። አንዱ ከሩቅ፣ የማይንቀሳቀስ ምልክት (ትምህርት ቤት፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የኪሎ ሜትር ድንጋይ) ከጉዳቱ ጋር አብሮ የሚታይበት። ሁለተኛው ከቅርብ፣ መጠኑን የሚያሳይ ነገር ተቀምጦበት፤ ሜትር ከሌለ የ20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። ሦስተኛው የቦዩ ፎቶ ነው፣ ሰው የሚረሳውም ይህንን ነው።

ስለ ቦዩ ትንሽ ላብራራ፣ የጅማ መንገድ ምሥጢር እዚያ ነውና። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አፈሩም ውኃ ሲጠጣ የሚለሰልስ ቀይ ሸክላ ነው። ቦዩ ሲደፈን ውኃው አስፋልቱ ዳር ይተኛል፣ ቀስ እያለ ከሥር ወዳለው ጠጠር ይገባል፣ ጠጠሩ ይለሰልሳል። ከዚያ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ከሥር ያለውን ጭቃ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በመጨረሻ አስፋልቱ ይሰነጠቅና ጉድጓድ ይሆናል። ጉድጓዱን ብቻ የደፈነ ጥገና በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ የሚከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ "ጉድጓዱ ይደፈንልን" ብቻ ብለው አይጻፉ፤ "ቦዩ ተጠርጎ ጉድጓዱ ይጠገን" ይበሉ። የአዌቱን ወንዝ ዳር ሰፈሮች የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይፈልግም።

ሌላው ምክንያት ክብደት ነው። መሐንዲሶች በሙከራ እንዳረጋገጡት አንድ አክስል (ጎማዎቹን የሚያገናኘው የመኪናው ዘንግ) በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም፣ በአራተኛ ኃይል ገደማ ነው የሚያድገው። የአክስሉ ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። በመንደራችሁ ጠጠር መንገድ ላይ ድንጋይና አሸዋ ከልክ በላይ የጫኑ ገልባጮች የሚመላለሱ ከሆነ የሚያልፉበትን ሰዓትና ታርጋቸውን መዝግቡ። መንገዱን እየጠገኑ ገልባጩን መተው ገንዘብ ማባከን ነው።

እዚህ ላይ ለራሳችንም መናገር አለብኝ። ሱቁ በር ላይ ያለውን ቦይ በሲሚንቶ የሸፈነ፣ ቆሻሻውን ቱቦው ውስጥ የሚደፋ ሰው ባለበት ሰፈር ደብዳቤው ጉልበት ያጣል። ባለሙያው መጥቶ የሚያየው የመጀመሪያ ነገር እርሱን ነው። መጀመሪያ የሚጸዳውን አጽዱ፣ የጸዳውንም ፎቶ አንሱና አያይዙ።

3. ደብዳቤውን ይጻፉ

ለከተማው፣ ለዞኑና ለክልሉ መሥሪያ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ፣ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ቢጽፉ ይመረጣል፤ የሥራ ቋንቋቸው ነው። አፋን ኦሮሞ መጻፍ ካልቻሉ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አካባቢ አይጠፉም፣ ወይም የሚያውቅ ጎረቤት ይጻፍላችሁ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የአማርኛው ቅርጽ እንዲህ ነው (ካልቨርት ማለት ከመንገድ ሥር ውኃ የሚያሳልፈው ቱቦ ነው)፦

ቀን ……
ለ…………
ጅማ

ጉዳዩ፦ ካልቨርት እንዲጠገንና ቦይ እንዲጠረግ ስለመጠየቅ

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው የ…… ቀበሌ ነዋሪዎች ስንሆን፣ ከ…… ወደ …… በሚወስደው መንገድ፣ ከ…… ትምህርት ቤት 300 ሜትር ያህል አለፍ ብሎ የሚገኘው ካልቨርት ከ…… ቀን ጀምሮ ተሰብሯል። በዚህም ምክንያት አምቡላንስ ማለፍ አልቻለም፣ የሐሙስ ገበያ የሚሄዱ ጭነቶችም በሌላ መንገድ ይዞራሉ። ስለሆነም 1ኛ. ባለሙያ ተልኮ ቦታው እንዲታይ፣ 2ኛ. እስኪጠገን የአደጋ ምልክት እንዲተከል፣ 3ኛ. የጥገናው ጊዜ በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን። 3 ፎቶዎችና የቦታው አቅጣጫ ተያይዘዋል።

ግልባጭ፦ ለ…… ቅሬታ ሰሚ ክፍል

ሁለተኛውን ጥያቄ ልብ ይበሉ። ጥገና በጀት ይጠብቃል፣ የአደጋ ምልክት ግን በጀት አይጠብቅም። ሦስተኛው ደግሞ መሥሪያ ቤቱን በጽሑፍ እንዲመልስ ያደርገዋል። ማንንም ሌባ ብለው አይክሰሱ፤ ያዩትን ብቻ ይጻፉ። ያላዩትን ከጨመሩ ያዩትም ይጠረጠራል።

4. ቁጥር ሳይቀበሉ ከመዝገብ ቤት አይውጡ

ሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ይቀበላል፤ በሁለተኛው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ያስመቱና ለራስዎ ያስቀምጡ። "ለኃላፊው በእጅ ስጡ" ቢሉዎት እንኳን መጀመሪያ መዝገብ ቤት ያስገቡ። በእጅ የተሰጠ ወረቀት ኃላፊው ሲዛወር አብሮት ይጠፋል፤ በመዝገብ ያለው ግን ለተተኪው ይቆያል።

ጊዜውንም ይምረጡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ዕቅዱ ግን ከዚያ በፊት ያልቃል። ክረምቱ እንደወጣ በጥቅምትና በኅዳር የገባ ደብዳቤ ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይደርሳል፤ በግንቦት የገባው ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ድልድይ ሲወሰድ ወይም ናዳ መንገድ ሲዘጋ ግን የአስቸኳይ ጥገና ስለሆነ ወቅት አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ያሳውቁ። "ገንዘብ የለም" ከተባሉም ያስታውሱ፦ ከነዳጅ ላይ ከምንከፍለው ገንዘብ እየተሰበሰበ ለመንገድ ጥገና የሚውል የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ተቋቁሟል፣ ከተሞችም ከእርሱ ድርሻ አላቸው። ጥያቄው "ገንዘብ አለ ወይ" ሳይሆን "በዚህ ዓመት ለየትኛው መንገድ ተመደበ" ነው።

5. መረጃ ይጠይቁ

ይህ ደረጃ ብዙም አይታወቅም፣ ለእኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ኃይል ያለው ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ለምን እንደፈለጉት ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ነው፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፣ ከተከለከለም ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጻል።

አራት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ መንገዱ በዘንድሮው የጥገና ዕቅድ ውስጥ አለ ወይ፤ ሥራውን የወሰደው ተቋራጭና የሚቆጣጠረው አማካሪ እነማን ናቸው፤ ውሉ የሚያልቀው መቼ ነው፤ ጊዜያዊ ርክክብ (ሥራው ሲያልቅ የሚደረገው የመጀመሪያው ርክክብ) የተደረገው በየትኛው ቀን ነው። አራቱም አጭር መልስ ያላቸው ናቸው። "ስለ መንገዱ ያለው መረጃ ሁሉ ይሰጠን" ብለው ከጻፉ ግን ምንም አያገኙም።

6. መልስ ከጠፋ ደረጃ በደረጃ ይውጡ

የገቢ ቁጥሩን ጠቅሰው አጭር ማስታወሻ ደብዳቤ ያስገቡ። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ የበላይ ኃላፊው፤ ከተማ ከሆነ የከንቲባው ጽሕፈት ቤት፣ ወረዳ ከሆነ ዞኑ። ደረጃ አይዝለሉ፤ የዘለሉትን መልሰው እንዲጀምሩት ይልኩዎታል። በየደረጃው ያለፈው ደብዳቤ ኮፒ ይያያዝ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ መልስ ካልተገኘ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ ነው። አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፣ ክፍያ የለውም፣ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን አያይም። መረጃ የተከለከለ ሰውም ወደዚሁ ተቋም ይሄዳል። እዚያ ሲደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄ "ለመሥሪያ ቤቱ መቼ አመለከቱ?" የሚል ነው፤ ማኅተም ያለበት ኮፒ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ተወካይዎንም አይርሱ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከሰኔ 30 በኋላ እስከ መስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ለዕረፍት ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ አባላቱ ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይመጣሉ። መንገዱ የሚቆረጠውም በዚሁ ክረምት ነው። በስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ ከመናገር ባሻገር የደብዳቤዎቹን ኮፒ በእጃቸው ይስጡ፤ የፌዴራል መንገድ ከሆነ ጉዳዩ የከተማ፣ መሠረተ ልማትና ትራንስፖርት ቋሚ ኮሚቴ ዘንድ እንዲቀርብ ይጠይቁ።

7. ጉዳት ደርሶ ከሆነ

ምልክት ባልተደረገበት ጉድጓድ መኪናዎ ከተሰበረ ወይም ሰው ከተጎዳ ጉዳዩ የካሳም ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላደረሰው ጥፋት መንግሥትም የሚጠየቅበትን ሁኔታ ይደነግጋል። የካሳ ክስ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የደብዳቤ ልውውጡ ጥሩ እየሄደ መስሎዎት ይህ ጊዜ እንዳያልፍ። የትራፊክ ፖሊስ ፕላን፣ የሕክምና ማስረጃና የጋራዥ ደረሰኝ ይያዙ፣ ጠበቃም ያማክሩ። ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው ስለዚያው ጉድጓድ አመልክቶ ከሆነ የእርሱ ደብዳቤ ለእርስዎ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ያውቅ እንደነበር ያሳያል።

8. ከተጠገነ በኋላ

ሥራው ሲያልቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ተቋራጩ የሚታይ ጉድለትን በራሱ ወጪ የሚያስተካክልበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ጊዜው ሲያበቃ የመጨረሻ ርክክብ ይሆንና የተያዘበት ገንዘብ ይለቀቅለታል። በደረጃ 5 የጊዜያዊ ርክክቡን ቀን የጠየቁት ለዚህ ነው። ቀኑን ካላንደርዎ ላይ ያስፍሩ። አንድ ክረምት ያልፍበት፤ ከዚያ ዓመቱ ሳይሞላ በድሮዎቹ ሦስት ቦታዎች ቆመው እንደገና ፎቶ ያንሱ። ስንጥቅ፣ የሰመጠ ጥገና ወይም የተደፈነ ቦይ ካዩ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት ይጻፉ፣ ግልባጩን ለአማካሪ መሐንዲሱ ያድርጉ፣ የውሉን ስም ይጥቀሱ፣ የገቢ ቁጥሩንም ይቀበሉ።